የአባ ጥርት ሰላምታ

ተረት ተረት!

«የላም በረት» እንዳትሉኝ። እዚህ ቤት ላምም የለ፣ በረትም የለ። መብራት ሄዶብን ነው ተጠጋግተን የተቀመጥነው። ስለዚህ «የመብራት ወረት» በሉኝ። እንደገና!

ተረት ተረት!

የመብራት ወረት!

ጎሽ። አንተ ጥግ ላይ ያለኸው፣ ጆይስቲኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጥ። መብራት በሌለበት ብትጫነው ምን ሊያመጣልህ ነው? አንቺም ስልክሽን ክተቺ። ተረት በግማሽ ጆሮ አይሰማም።

በድሮ ጊዜ ነው። በጣም ድሮ እንኳ አይደለም። ቴሌቪዥን ሆድ የነበረው ዘመን አልፎ፣ ዕቃ ሁሉ ስስ መሆን የጀመረ ሰሞን ነው። ያኔ ዕቃ ይናገር ነበር። አሁንም ይናገራል፤ ጆሯችን የደነደነ እኛ ነን። በፍኖተ ሰላም፣ ከመናኸሪያው ፊት ለፊት፣ ታንጉት የምትባል ሴት ጌም ቤት ነበራት። ቤቷ ጠባብ ናት፤ አራት አግዳሚ ወንበር፣ አንድ መስኮት፣ አንድ ጠረጴዛ። በጠረጴዛው ላይ ሦስት ወዳጆች ይኖሩ ነበር።

አንደኛው ኮምፒዩተሩ ነው። ሲቆጥር ስለሚውል አባ ቁጥሩ ይሉታል። ሁለተኛው ስክሪኑ ነው። ምስሉ ጥርት ስለሚል አባ ጥርት ይሉታል። ሦስተኛዋ ሁለቱን የምታገናኘው ገመድ ናት፤ እማማ ገመዴ። ከወዲህ አንድ አፍ፣ ከወዲያ አንድ አፍ፣ በእያንዳንዱ አፏ አሥራ ዘጠኝ ጥርስ አላት። ምን ያስቃችኋል? እናንተ ስታረጁ አሥራ ዘጠኝ ጥርስ ከቀራችሁ ታመሰግናላችሁ።

ጠዋት ጠዋት ታንጉት ማብሪያውን ስትጫን፣ አባ ቁጥሩ ሌላ ሥራ ከመጀመሩ በፊት በእማማ ገመዴ በኩል ሰላምታ ይልካል።

«ጤና ይስጥልኝ! ማን ልበል?»

«አባ ጥርት ነኝ።»

«እንደምን አደርክ አባ ጥርት? ልክህ ስንት ነው?»

«በወርድ ሺህ ዘጠኝ መቶ ሃያ ነጥብ፣ በቁመት ሺህ ሰማንያ ነጥብ። ተመስገን፣ ከዚህ አይጎድልም፣ ከዚህ አይበልጥም።»

«እንካ እንግዲህ!» ይልና አባ ቁጥሩ ያንኑ ያህል ነጥብ ይልክለታል።

ስክሪን ላይ የምታዩት ምስል ሁሉ እኮ ነጥብ ነው። የውሃ ጠብታ ስክሪን ላይ ያረፈች ቀን አጎንብሳችሁ እዩ፤ ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ ሆነው ጎን ለጎን ተደርድረው ታገኟቸዋላችሁ። አባ ጥርት የመጣለትን ነጥብ አንድ ሳይጥል፣ አንድ ሳይደርብ፣ እያንዳንዱን በየቦታው ያስቀምጣል። የተጫዋቹ ማሊያ ላይ ያለው ቁጥር ይነበባል። ሣሩ ለብቻ፣ ኳሷ ለብቻ፣ የኳሷ ጥላ ለብቻ ይታያል።

«ትናንት ነግሮት የለም እንዴ? ለምን በየቀኑ ይጠይቀዋል?» አልሽ አንቺ? አንቺስ ጎረቤትሽን ትናንት ሰላም ብያታለሁ ብለሽ ዛሬ አንገትሽን ደፍተሽ ታልፊያለሽ? እንዲህ ከሆነማ አሳዳጊሽን ላነጋግር ነው። ሰላምታ የየቀኑ ነው። ሰው ሲያድር ይለወጣል፤ ማን እንዳደረ፣ እንዴት እንዳደረ ተጠይቆ ነው ወደ ጉዳይ የሚገባው። እነሱም እንደዚያው ናቸው።

እኔ አባ ጥርትን ስወደው! ትልቅ አልነበረም። አዲስ አልነበረም። ጠርዙ ላይ የተጫረች ቦታ ነበረችው። ግን አምስት ዓመት ሙሉ የተሰጠውን ሳያጎድል አሳየ። ከእናንተ መካከል አምስት ዓመት አንድ ቃል የጠበቀ እጁን ያውጣ። አየሁ፣ አየሁ፤ አውርዱ።

አንድ እሑድ ታንጉት ከባሕር ዳር ሁለት ካርቶን አስጭና መጣች። ከአንደኛው ካርቶን ነጭ የጌም ማጫወቻ ወጣ። ፈጣን ነው፣ ኃይለኛ ነው፤ አባ መብረቅ ተባለ። ከሁለተኛው ካርቶን በር የሚያህል ስክሪን ወጣ፤ አባ ሰፊ ተባለ። በካርቶኑ ላይ በወርቃማ ቀለም «ፎር ኬ» ተብሎ ተጽፏል። በወርድ ሦስት ሺህ ስምንት መቶ አርባ ነጥብ ማለት ነው፤ የአባ ጥርት እጥፍ። በቁመትም እጥፍ። አባ መብረቅም ይህንኑ ያህል ነጥብ መላክ ይችላል።

ታንጉት አባ ቁጥሩን ነቅላ ከጎን ላለው ለወንድሟ ፎቶ ኮፒ ቤት ሰጠችው። በሁለቱ ቤት መካከል ያለው ግድግዳ ቺፑድ ስለሆነ ሩቅ አልሄደም። አባ ጥርትን ግን ታቅፋ ትንሽ አሰበችና እንዲህ አለች።

«አንተ ከአዲሱ ማጫወቻ ጋር ከተግባባህ ትቀመጣለህ። ካልተግባባህ ግን ቦታ የለኝም፤ ቅዳሜ ጫኔ ሲመጣ በሳፋ እለውጥሃለሁ።»

ጫኔ ማለት ቅዳሜ ቅዳሜ «ልዋጭ! ልዋጭ!» እያለ የሚዞረው ሰው ነው። አሮጌ ዕቃ ይወስዳል፣ በምትኩ የፕላስቲክ ሳፋ ወይ ባልዲ ይሰጣል። አባ ጥርትም ይህን ሰማ። አምስት ዓመት ለፍቶ በሳፋ!

እንግዲህ አባ ሰፊ ከካርቶኑ በወጣ ገመድ ተሰክቶ በራ። አባ መብረቅ ሰላም አለው፣ ልኩን ጠየቀው። አባ ሰፊም ደረቱን ነፍቶ «ሦስት ሺህ ስምንት መቶ አርባ!» አለ። አባ መብረቅ ላከ። አባ ሰፊ ተቀበለ። ምስሉ ግድግዳ አከለ፤ ቤቱ በእልልታ ተናወጠ።

እዚህ ላይ አንድ ምስጢር ልንገራችሁ። አባ ሰፊ ውሸታም ነበር። ካርቶኑ ላይ የተጻፈው ሌላ፣ ሆዱ ውስጥ ያለው ሌላ። የእውነት ልኩ በወርድ ሺህ ሦስት መቶ ስልሳ ስድስት ነጥብ ብቻ ነው። የመጣለትን ሁሉ ይቀበላል፤ ከዚያ ግን ጨፍልቆ፣ አድበስብሶ ነው የሚያሳየው። ፊደሉ ይቦካል። የማሊያው ቁጥር ሰባት ይሁን አንድ አይለይም።

«ታዲያ ሰዉ አላየም ወይ?» ትሉኛላችሁ። አየ እንጂ! ከተጫዋቾቹ ሁሉ ጎበዙ ደርበው ነበር፤ የጋራዥ መካኒክ ነው። ዓይኑን አሸት፣ አሸት አደረገ። ራቅ ብሎ አየ፣ ቀረብ ብሎ አየ፣ ደብዛዛ ነው። ታንጉት ግን ከጎኑ ቆማ ፊቷ በደስታ በርቷል።

«እንዴት ነው ደርበው?» አለችው።

«ኧረ ግሩም ነው እትዬ ታንጉት! ይመችሽ!» አለ ደርበው። ዞር ብሎ ለራሱ፦ «ዓይኔን ምን ነካብኝ? መነጽር ሳያስፈልገኝ አይቀርም» አለ።

ሌላውም እንደዚያው ነው። አንዱ አየና «አቤት ምስል!» አለ። ሌላው አየና «እንኳን ደስ አለሽ!» አለ። ሴትዮዋ አዲስ ዕቃ ገዝታ ደስ ብሏት ቆማ፣ ማን አፉን ሞልቶ «ደብዝዟል» ይበላት? ይሉኝታ ነዋ! ቤቱን የሞላው ሰው ሁሉ በየልቡ ዓይኑን ጠርጥሮ፣ በየአፉ ስክሪኑን አመሰገነ።

አባ ሰፊ ግን አንድ ነገር ፈራ። «ይሄ ሽማግሌ ከጎኔ በርቶ ከታየ ጉዴ ይወጣል። ሳይበራ መሄድ አለበት» አለ በልቡ። እና ተንኮሉን ጀመረ።

ሰኞ ዕለት ቀስ ብሎ «አባ ጥርት፣ ልክህ ስንት ነው?» አለው።

«በወርድ ሺህ ዘጠኝ መቶ ሃያ።»

«ይህችን ይዘህ ነው አባ መብረቅ ፊት የምትቆመው? አታፍርም?» አለው።

ማክሰኞ ዕለት ደግሞ «አባ ጥርት፣ ከትልቅ ጋር ሲውሉ ትልቅ መምሰል ነው። ሦስት ሺህ ስምንት መቶ አርባ ብትለው ምን ትሆናለህ? አንድ ቃል እኮ ነው» አለው።

«የሰው ወርቅ አያደምቅ። ተወኝ» አለ አባ ጥርት። ድምፁ ግን እንደ ሰኞ አልጠነከረም።

ረቡዕ ዕለት ታንጉት አባ ሰፊን ግድግዳው ላይ ልታሰቅለው ፈለገች። ደርበው መሰርሰሪያ ይዞ መጣ። አባ ሰፊን ነቅለው መሬት ላይ አስደገፉት። «እስከዚያው በአሮጌው እንሞክረው» አለችና ታንጉት የእማማ ገመዴን አንዱን አፍ ለአባ መብረቅ፣ ሌላውን አፍ ለአባ ጥርት ሰካች። ያቺ የፈተና ሰዓት ደረሰች ማለት ነው። አባ ሰፊ ከተደገፈበት ሆኖ ለሦስተኛ ጊዜ ሹክ አለ።

«ልክህን ተናገርና ይሳቅብህ። በሳፋ ትለወጥና ጉድህን አያለሁ።»

ወዲያው የአባ መብረቅ ሰላምታ መጣ።

«ጤና ይስጥልኝ! ማን ልበል?»

«አባ... አባ ጥርት ነኝ።»

«ልክህ ስንት ነው አባ ጥርት?»

አባ ጥርት አባ መብረቅን አየው፤ ነጭ፣ አዲስ፣ ኃይለኛ። አባ ሰፊን አየው፤ በር የሚያህል። ራሱን አየ፤ ጠርዙ የተጫረ። ይሉኝታ አንቆ ያዘው።

«ሦስት ሺህ ስምንት መቶ አርባ» አለ።

እማማ ገመዴ ደነገጠች። መልእክቱን አፏ ውስጥ ይዛ ቆመች። «ምን አልክ ልጄ? አምስት ዓመት ሙሉ በአፌ ያለፈው ቁጥር ይህ አይደለም።»

«ያልኩትን ያድርሱልኝ፣ እማማ።»

«ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው። እስቲ ደግመህ አስብ።»

«ያድርሱልኝ አልኩ!»

እማማ ገመዴ መልእክተኛ ናት፤ የሰጧትን ታደርሳለች። አደረሰች። አባ መብረቅም «እሰይ! ቢጤዬን አገኘሁ!» ብሎ ያለ የሌለ ነጥቡን ለቀቀው።

አቤት! ሰው ቤት ገብታችሁ፣ ጠግባችሁ እያለ «በሞቴ፣ ይህችን ብቻ» ሲሏችሁ እምቢ ማለት አፍራችሁ የዋጣችሁትን አስታውሱ። አባ ጥርትም እንደዚያ ነው የሆነው። የመጀመሪያውን መስመር ተቀበለ። ሁለተኛውን ተቀበለ። ከዚያ የሚያስቀምጥበት ቦታ አጣ። ነጥብ በነጥብ ላይ ተረባረበ። ከአባ ጥርት ፊት አንዲት ትንሽ ሳጥን ብቅ ብላ «ከልኬ በላይ ነው» የሚል የባዕድ ቋንቋ ጽሑፍ አሳየች። ታንጉት ሳታነባት ጠፋች። አባ ጥርት ጨለመ።

ታንጉት ነቅላ ሰካችው። ጨለማ ነው። ጀርባውን በመዳፏ መታ መታ አደረገችው። ጨለማ ነው። ደርበውም መሰርሰሪያውን አስቀምጦ መጣና ጆሮውን አስጠግቶ አዳመጠው፤ ሞተር መስሎታል መሰለኝ።

«አበቃለት እትዬ ታንጉት» አለ።

ታንጉት አዘነች። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት የአባ ጥርት ነገር ነው እንጂ፣ እሷስ ልታስቀምጠው ነበር የፈለገችው። አቧራውን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችለትና ቅዳሜ ጫኔ እንዲወስደው በሩ ሥር፣ ከመጥረጊያው አጠገብ አስቀመጠችው። እማማ ገመዴንም ከላዩ ጠቅልላ አኖረቻት። አባ ሰፊ ግድግዳው ላይ ተሰቀለ። ከላይ ሆኖ ወደ ታች አየውና ፈገግ አለ።

ሐሙስ ጠዋት ከቺፑዱ ወዲያ ድምፅ መጣ። «አባ ጥርት፣ እንደምን አደርክ?» አባ ቁጥሩ ነው፤ የአምስት ዓመት ልማዱ አልለቀቀውም። አባ ጥርት አፍሮ ፊቱን ወደ መጥረጊያው አዞረ።

ዓርብ ጠዋት ድምፁ እንደገና መጣ። «አባ ጥርት፣ ወንድሜ፣ እንደምን አደርክ?»

በዚህን ጊዜ አባ ጥርት አልቻለም። «ምን አድሬ አባ ቁጥሩ! ዋሸሁ። የማልችለውን እችላለሁ ብዬ ጨለምኩ። ነገ በሳፋ ልለወጥ ነው» ብሎ ያለውን ሁሉ ነገረው።

አባ ቁጥሩ እስከ መጨረሻው ሰማው። ከዚያ «አምስት ዓመት ሙሉ ልክህን ነግረኸኛል። አንድ ቀን ንቄህ አውቃለሁ?» አለው።

«አታውቅም።»

«አንሶብኝ ያውቃል?»

«አያውቅም።»

«ታዲያ ለማን ብለህ ነው የዋሸኸው?»

እኔ እስከ ዛሬ የዚህን ጥያቄ መልስ አላገኘሁትም።

ቅዳሜ ደረሰ። በዚያ ቀን የዋንጫ ጨዋታ ነበር፤ ጋራዥ ከልብስ ሰፊዎች። ለጋራዥ ደርበው ይጫወታል። ቤቱ ከአፍ እስከ ገደፉ ሞልቷል። አባ ሰፊ ግድግዳው ላይ ተንጣሏል። ጨዋታው ተጀመረ፤ ደርበው ግን የራሱን ተጫዋች ከሌላው መለየት አቃተው። ኳሷን አቀበለ፤ ለተጋጣሚው። እንደገና አቀበለ፤ ለተጋጣሚው። የጋራዥ ልጆች ራሳቸውን ያዙ።

በዚህ መሃል ከሩቅ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ በኩል፣ «ልዋጭ!» የሚል ድምፅ ተሰማ። በሩ ሥር አባ ጥርት ደነገጠ።

ጨዋታው ቀጠለ። ልብስ ሰፊዎች አገቡ። «ልዋጭ!» ድምፁ መናኸሪያው ጋ ደረሰ።

ደርበው ጆይስቲኩን ጨብጦ በላብ ተጠመቀ። «ልዋጭ!» አሁን በሩ ላይ ነው። ጫኔ ሰማያዊ ሳፋ በጭንቅላቱ ደፍቶ ገባ።

«እንደምን ዋላችሁ! እታለም ታንጉት፣ ዕቃ አለ ብለሽኝ ነበር።»

«አለ፤ ያው፣ በሩ ሥር። ውሰደው። ሞቷል።»

ጫኔ አባ ጥርትን አነሳና ገልበጥ አድርጎ አየው። ሳፋውን መሬት ላይ አስቀመጠ፤ ግን እጁን አልለቀቀም። የሱ ልማድ እንዲህ ነው፤ ሶኬት ሰክቶ በዓይኑ ሳያይ ምንም ዕቃ አይወስድም።

«እስቲ ሰክተሽ አሳይኝ» አለ።

«ሞቷል እያልኩህ? ጨዋታ ላይ ነን እኮ!»

«እታለም፣ እኔ የሞተ ነው የምለውጠው። በሕይወት ያለ ዕቃ መውሰድ ግፍ ነው። አንድ ጊዜ ሰክተሽ አሳይኝ፣ ከዚያ እሄዳለሁ።»

ምን ዓይነት ሰው ነው! ዝም ብሎ ይዞት ቢሄድ ማን ይጠይቀው ነበር? ሰዉ አጉረመረመ። ደርበው ግን እየተሸነፈ ስለነበር «ይሰካለት፣ ይሰካለት! እኔም ዓይኔን ላሳርፍ» አለ። ጨዋታው ቆመ። ታንጉት አባ ጥርትን ጠረጴዛው ላይ አወጣችው፣ እማማ ገመዴን ፈታች፣ አባ መብረቅን ከአባ ሰፊ ነቅላ ለአባ ጥርት ሰካች።

ሰላምታው መጣ።

«ጤና ይስጥልኝ። ማን ልበል?»

«አባ ጥርት ነኝ።»

«አሃ፣ አንተ ነህ? ልክህ ስንት ነው?»

ቤቱ ሙሉ ሰው ያያል። አባ ሰፊ ከግድግዳው ላይ ያያል። ሳፋው መሬት ላይ ነው። እማማ ገመዴ «ልጄ» አለች ቀስ ብላ። ሌላ አልጨመረችም።

«በወርድ ሺህ ዘጠኝ መቶ ሃያ» አለ አባ ጥርት። «በቁመት ሺህ ሰማንያ። ከዚህ በላይ አልችልም። ረቡዕ የነገርኩህ ውሸት ነበር። ይቅር በለኝ፣ ይሉኝታ ይዞኝ ነው።»

እማማ ገመዴ ይህን ቃል እንዴት እንዳደረሰችው! በአሥራ ዘጠኙም ጥርሷ እየሳቀች ነው።

አባ መብረቅም አልሳቀበትም። «ይህችን ብቻ ነበር እኮ የምትነግረኝ!» አለው። «እኔ ከፍ ማለትም እችላለሁ፣ ዝቅ ማለትም እችላለሁ። የማልችለው መገመት ነው። ልክህን ካልነገርከኝ በምን አውቀዋለሁ? እንካ፣ በልክህ!»

ሰዉ ግን የሚያየው ጨለማ ብቻ ነው። አንድ። ታንጉት ከንፈሯን ነከሰች። ሁለት። ጫኔ ሳፋውን ሊሰጣት አጎነበሰ። ሦስት።

ጥርት!

ሣሩ ለብቻ፣ ኳሷ ለብቻ፣ የኳሷ ጥላ ለብቻ። ደርበው ከወንበሩ ዘሎ ተነሳ።

«ሰባት ቁጥር! የማሊያው ቁጥር ይነበባል! ኧረ ዓይኔ ደህና ነው! እናንተ ሰዎች፣ ዓይኔ ደህና ነው!»

«የኔም ደህና ነው!» አለ ከልብስ ሰፊዎች አንዱ። «እኔ እኮ ሳምንቱን ሙሉ መርፌ ስይዝ ስፈራ ነው የከረምኩት!»

«እኔም አይታየኝም ነበር!»

«እኔም!»

ታንጉት ወገቧን ይዛ ቆመች። «ታዲያ ለምን አልነገራችሁኝም?»

ሰዉ አቀረቀረ። ደርበው ራሱን አከከና «አዲስ ዕቃ ገዝተሽ ደስ ብሎሽ ነበራ፣ እትዬ ታንጉት። ይሉኝታ ያዘን» አለ።

«በይሉኝታ ልታሳውሩኝ ነበር!» አለች። ተቆጣች፣ ከዚያ ሳቅ አመለጣት፣ ከዚያ ወደ አባ ጥርት ዞራ ጠርዙን በመዳፏ ዳበሰችው። «ይቅር በለኝ። አለህ ለካ!» አለችው።

ጫኔ ሳፋውን አነሳ። «ይሄ በሕይወት አለ፤ አልወስደውም» አለ። ከዚያ ዓይኑን ወደ ግድግዳው ላከ። «ያኛውስ?»

ሰዉ ሁሉ ወደ አባ ሰፊ ዞረ። በር የሚያህለው አባ ሰፊ መጥረጊያ የሚያህል ሆነ። ታንጉት የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ልትጥል ነበር።

አሁን እንግዲህ አባ ጥርትን የምወድበትን ነገር ስሙ። ዝም ማለት ይችል ነበር። «የዘራኸውን እጨድ» ማለት ይችል ነበር። እሱ ግን ቀና ብሎ «አባ ሰፊ፣ ልክህን ንገረው» አለ። «እኔን አይተኸኛል። ልኩን ተናግሮ የሞተ የለም። የጨለምኩት ስዋሽ ነው።»

ታንጉትም «ቆይ፣ እሱንም አንድ ጊዜ ልየው» ብላ አባ መብረቅን ለአባ ሰፊ ሰካች። ሰላምታው መጣ፣ ጥያቄው መጣ። አባ ሰፊ በቀጭን ድምፅ «ሺህ ሦስት መቶ ስልሳ ስድስት» አለ። «በቁመት ሰባት መቶ ስልሳ ስምንት። ካርቶኑ ላይ ያለውን እርሱት።»

አባ መብረቅ በልኩ ላከለት። ምስሉ ቅርብ ለተቀመጠ ሻከር ይላል፤ ከኋላ አግዳሚ ለተቀመጠ ግን ደህና አድርጎ ይታያል። ታንጉት ትንሽ አሰበችና ፈረደች። ከሩቅ የሚያዩት ተመልካቾች ሲመጡ አባ ሰፊ ይበራል፤ ተጫዋች ቀርቦ ሲጫወት አባ ጥርት ይበራል። ያን ቀን ጨዋታው በአባ ጥርት ቀጠለ፤ ሰዉ ከኋላ ከኋላው ተደራርቦ አየ።

ጫኔ «ዛሬ ከሥራ አስወጣችሁኝ እኮ!» አለና ሳፋውን ገልብጦ ተቀመጠበት። እስከ መጨረሻው ጨዋታ አይቶ ነው የሄደው።

«ደርበው አሸነፈ ወይ?» አላችሁ? ተሸነፈ። ቀድሞውንም ብዙ አግብተውበት ነበር። ግን ያገባበትን ተጫዋች የማሊያ ቁጥር አንብቦ ነው የተሸነፈው። ይህም ቀላል ነገር አይደለም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ስክሪን ሁሉ ሲሰካ ወዲያው አይበራም። ትንሽ ይጨልማል። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ያህል። ችኩል ሰው ተበላሸ ብሎ ጀርባውን ይመታዋል። አትምቱት! ሰላምታ ላይ ነው። «ማን ልበል? ልክህ ስንት ነው?» እየተባለ ነው። እሱም ልኩን እየተናገረ ነው። ልክን ለመናገር ደግሞ ትንሽ ጊዜ ያስፈልጋል፤ ለእኛም ያስፈልገናል።

ልኩን የተናገረ ይጠራል፣ ልኩን የደበቀ ይጨልማል። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ያሉትም አባቶች ያለ ነገር አይደለም።

ተረቴን መልሱ፣ ስክሪኔን በለስላሳ ጨርቅ አብሱ።

ውይ፣ መብራት መጣ! ቁጭ በሉ፣ አትነካኩት። ጨለማ ነው አትበሉ። ዝም ብላችሁ ጠብቁት፤ ሰላም ይባባሉ።